ፈርጡን ገልብጡት፦ ራይንስቶን፣ ከራይን ወንዝ እስከ ከፊራ ገበያ

የራይንስቶን (አልማዝ እንዲመስል የተሠራ የብርጭቆ ፈርጥ) ጌጥ ልትገዙ ስትሉ መጀመሪያ ገልብጡት። ፊቱ ሱቅ ውስጥ ሁሌም ያምራል፤ ባለሱቁ ያንን ሁሉ አምፖል የሰቀለው ለዚሁ ነው። ጥራቱና የሚቆይበት ጊዜ ግን የሚነበበው ከጀርባው ነው። ብልጭታው ራሱ ከጀርባ የሚሠራ ነገር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ገብቶ በቀላሉ አይታለልም፤ ቤቱ ያለውንም ሀብል በአንድ የሠርግ ወራት አያበላሽም።

ብርሃን አንድ ግልጽ ነገር ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል። ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካው ቁጥር ለአልማዝ 2.42፣ ለተራ ብርጭቆ 1.52 ገደማ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የገባው ብርሃን ከኋላ ሾልኮ መውጣት ይቸግረዋል። አልማዝ ውስጥ ያለ ብርሃን ከቀጥታው 24 ዲግሪ ተኩል ያህል ዘመም ብሎ የኋላውን ገጽ ከመታ ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ተራ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ግን ለመመለስ ከ41 ዲግሪ በላይ መዝመም አለበት። ስለዚህ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጠረብ፣ ራቁቱን ያለ ብርጭቆ ከገባበት ብርሃን ብዙውን በጀርባው ያፈሳል። መፍትሔው ቀዳዳውን መድፈን ነው፤ ከኋላው እንደ መስተዋት የሚመልስ ስስ የብር ልባስ ይቀባል። ብሩ እንዳይጠቁርና እንዳይላላጥ ደግሞ ሌላ መከላከያ ቀለም ይደረብበታል። ፈርጦች ከጀርባቸው ወርቃማ ወይም ግራጫ ሆነው የሚታዩት በዚህ በተደረበው ቀለም የተነሳ ነው።

እንግዲህ ራይንስቶን ማለት ጀርባው ላይ መስተዋት የተሠራለት ጥርብ ብርጭቆ ነው። መስተዋቱ ሲሞት ፈርጡም ይሞታል። ፊቱ ላይ አንዲት ጭረት ሳይኖር አመድ የመሰለ ፈርጥ አይታችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሌላ አይደለም።

ታሪኩም ቢሆን ይህን ከኋላ የሚፈስ ብርሃን ለመያዝ የተደረገ ትግል ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መጀመሪያ ላይ ነገሩ እውነተኛ ድንጋይ ነበር፤ ከራይን ወንዝ ዳርቻ የሚለቀም የጠራ የኳርትዝ ጠጠር። ጠንካራ ነው፤ ለጠራቢ ግን ያስቸግራል። ብርሃን የማጠፍ አቅሙም 1.54 ብቻ ስለሆነ ከብርጭቆ ብዙም አይሻልም። ለውጡ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ጆርጅ ራቨንስክሮፍት የሚባል ሰው በ1674 ለጠራ ብርጭቆ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት) ኦክሳይድ እየጨመረ አሻሻለው። እርሳስ ብርጭቆን ያከብደዋል፤ ለስለስ ስለሚያደርገውም ለመጥረብና ለመወልወል ይመቻል። ከሁሉ በላይ ግን ብርሃንን አብዝቶ እንዲያጥፍና ወደ ቀለማት እንዲበትን ያደርገዋል። ያንን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብልጭ ድርግም የምናይበት በዚህ ምክንያት ነው።

እርሳስ የበዛበትን ብርጭቆ ጌጥ ያደረገው ግን ጆርጅ ፍሬድሪክ ስትራስ ነው። በ1701 ስትራስቡርግ አጠገብ ተወለደ፣ በ1724 ፓሪስ ገባ፣ በ1734 የንጉሡ ጌጥ ሠሪ ተባለ። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ፈርጡን በእሱ ስም ስትራስ ብለው ይጠሩታል። የእሱ ዘመን ሰዎች ዛሬ እኛ አርቴፊሻል ስንል የምናስበውን ንቀት አያውቁትም ነበር። ቤተ መንግሥት ድረስ ይለበስ ነበር። በዚያ ላይ መንገድ ላይ ሽፍታ አለ፤ አልማዙን ቤት ትቶ ብርጭቆውን አድርጎ መጓዝ ብልህነት ነው። ጠራቢውም ነጻነት ነበረው፤ አልማዝ ውድ ስለሆነ ብክነትን ፈርቶ የተፈጥሮ ቅርጹን ተከትሎ ይጠርበዋል፤ ብርጭቆን ግን ለቤቱ (ፈርጡ ለሚቀመጥበት የብረት ጎድጓዳ) በሚመጥን ማንኛውም ቅርጽ ቆርጦ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥመዋል።

የዚያን ጊዜ የፈርጥ ቤት ከኋላው ድፍን ነበር። ቤቱ ውስጥ ስስ የብረት ወረቀት ይነጠፋል፣ ፈርጡ በላዩ ይቀመጣል፣ ጠርዙ ዙሪያውን ይታሸጋል። ብዙ ጊዜ የፈርጡ የታችኛው ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ይቀባ ነበር፤ የዘመኑ አልማዝ ከላይ ሲታይ መሐሉ ጠቆር ስለሚል ለማስመሰል ነው። ምሽቱን በሻማ ብርሃን ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ድንቅ ነው። ግን አንድ ጠብታ ውሃ ከገባ መውጫ የለውም፤ ወረቀቱ ይበላሻል፣ ማኅተሙ ሳይፈታም አይጠገንም። የ250 ዓመት ዕድሜ ያለው ድፍን ጌጥ ዛሬ እጁ የገባ ሰው በእርጥብ ጨርቅ እንኳ ባይነካው ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ዳንኤል ስዋሮቭስኪ ይዞታል። በ1862 ዛሬ ቼክ በምትባለው በቦሄሚያ ተወለደ፤ አባቱም ብርጭቆ ጠራቢ ነበር። በ1883 ቪየና ውስጥ የተካሄደውን የኤሌክትሪክ ዐውደ ርዕይ ካየ በኋላ የመጥረቢያ መኪና ሲሞክር ቆይቶ በ1892 የባለቤትነት መብት አወጣ፤ በ1895 ደግሞ ከሁለት ሸሪኮች ጋር ኦስትሪያ ውስጥ ዋተንስ የምትባል መንደር ፋብሪካ ከፈተ። መንደሯን የመረጣት በሁለት ምክንያት ነው፦ ወራጅ ውሃዋ ኃይል ይሰጣል፣ ከቦሄሚያ ተፎካካሪዎቹ ዓይንም ሩቅ ናት። መኪናው ያመጣው ለውጥ ፍጥነት ብቻ አይደለም። እጅ የጠረበው እያንዳንዱ ፈርጥ በትንሹም ቢሆን ይለያያል፤ መኪናው የጠረበው ግን ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የጠፋውን በሌላ መተካት ተቻለ። የዛሬ የጥገና ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የድሬ ልጅ ሆኖ አንድ ነገር ሳይጠቅስ ማለፍ ያስቸግራል፦ ዋተንስ ላይ ፋብሪካው የተከፈተው በእነሱ 1895 ነው፤ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰውም 1895 ነው፣ በእኛ። መካከላቸው ሰባት ዓመት አለ። ግንኙነት የላቸውም፤ ግን ሁለቱም በርካሽና በብዛት የተሠራ ዕቃ ዓለምን የሚዞርበት ዘመን ልጆች ናቸው። ድሬ ደግሞ ያ ዕቃ የሚራገፍባት ከተማ ሆና ነው ያደገችው።

በ1920ዎቹ እነ ኮኮ ሻኔል ያሉ የፓሪስ ፋሽን ነዳፊዎች ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ጋር ቀላቅለው ማድረግን የዘመናዊነት ምልክት አደረጉት። አሜሪካ ውስጥ ፕሮቪደንስ ከተማ የዚህ ጌጥ መናኸሪያ ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከኦስትሪያና ከቦሄሚያ የሚመጣው ፈርጥ ተቋረጠ፤ ለጌጥ ይውል የነበረው ርካሽ ቅይጥ ብረትም ለጦሩ ስለተፈለገ አሜሪካኖቹ ብር ላይ የወርቅ ቅብ እየቀቡ ይሠሩ ጀመር። የዚያ ዘመን ጌጥ ዛሬ በብዛት ከሌላው የሚሻለው በምርጫ ሳይሆን በችግር ነው ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ጀርመንኛ ተናጋሪ የሆኑት የቦሄሚያዋ የያብሎኔትስ ከተማ ፈርጥ ሠሪዎች ከአገራቸው ተባረሩ፤ ብዙዎቹ ጀርመን ውስጥ ባቫሪያ ሄደው ኖይጋብሎንዝ የሚባል ሰፈር መሥርተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ያብሎኔትስ ውስጥ የቀረው በ1948 ፕሬሲዮሳ በሚባል ድርጅት ተጠቃለለ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

በ1956 የስዋሮቭስኪ ኩባንያ ከፋሽን ነዳፊው ክርስቲያን ዲዮር ጋር ሆኖ አውሮራ ቦሪያሊስ የሚባለውን ቅብ አወጣ። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ የብረት ትነት ፈርጡ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ከዚያ ዘይት ውሃ ላይ እንደሚሠራው ዓይነት ቀስተ ደመና ይወጣል። ገበያ ላይ ኤ ቢ የሚሉት ይኸው ነው። ከጌጥ ታሪክ አንጻር ትልቅ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ብርጭቆው አልማዝ ለመምሰል ይጥር ነበር፣ ኤ ቢ ግን ምንም አይመስልም፣ ራሱን ነው። ለእኔ የራይንስቶን ዕድሜ የረዘመው በዚህ ነው።

በድሬና በሐረር ወርቅ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቁጠባ ነው። ሲቸግር ይሸጣል፣ ይመዘናል፣ ልጅ ሲዳር ይከፈላል። ጁገል ውስጥ የሚደረገው የሐረሪ ብርም እንደዚያው ሚዛን ላይ ይወጣል። ራይንስቶን ሚዛን ላይ አይወጣም። ነገ ልሽጠው ብትሉ የሚገዛችሁ የለም፤ ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስትዘፍን የለበሰችው ዓይነት ካልሆነ በቀር (ያ ፈርጥ የተለቀለቀበት ቀሚስ በ2016 ጨረታ ላይ 4.8 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል)። ዋጋው ያለው ባደረጋችሁበት ምሽት ብቻ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ወርቅ የማይሰጠው ነገር ይመስለኛል። ሙሽራዋ ዘውድ ያህል ጌጥ አናቷ ላይ ጭና ስትጨፍር ማንም ግራሙን አያሰላም።

ወደ ገበያው እንግባ። ከፊራም ሆነ ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ የምታዩት አብዛኛው ከቻይና የመጣ ነው። ዜጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው ፑጂያንግ የአገሪቱ የክሪስታል ሥራ ማዕከል ናት፤ ጥሩም መጥፎም ከዚያ ይወጣል። ሻጩ «አቦ፣ ይሄ እኮ ኦርጂናል ስዋሮቭስኪ ነው!» ካለ ፈገግ በሉ። ኩባንያው ልቅ ፈርጦችን ለእጅ ሥራ ገበያ መሸጥ እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2020 ነው። በፌስታል የታሰረ አዲስ «ኦርጂናል» እንዴት እዚህ እንደደረሰ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ኦርጂናል አለመሆኑ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም።

መጀመሪያ የሚለየው ብርጭቆ ነው ወይስ ፕላስቲክ የሚለው ነው። ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ብርጭቆ ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜውንም ለጥቂት ሰከንድ ይይዛል። ፕላስቲክ ወዲያው ይሞቃል። በድሬ የቀትር ሙቀት ይህ ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል ክብደቱን ጨምሩበት፤ ተራ ብርጭቆ ከውሃ ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብዳል፣ እርሳስ ያለበት ከሦስት እጥፍ ሊያልፍ ይችላል፣ አክሪሊክ ከውሃ እምብዛም አይበልጥም። ሙሉ የአንገት ጌጥ በእጃችሁ ላይ ቀለል ካላችሁ ነገሩ አልቋል። ሦስተኛው ምርመራ በስልክ ካሜራ ነው፤ አቅርባችሁ አጉሉትና የገጾቹን ጠርዝ እዩ። የተጠረበ ብርጭቆ ጠርዙ እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ ነው፤ በቅርጽ የተጨመቀ ከሆነ ጠርዙ የተላሰ ከረሜላ ይመስላል።

ቀጥሎ ገልብጡት። ከኋላ ክፍት ሆኖ የፈርጡ ጫፍ ከታየ፣ ልባሱ ሙሉ መሆኑን፣ ጠርዙ ላይ አለመቆራረሱንና ጥቁር ነጥብ አለመጀመሩን ማየት ትችላላችሁ። ፈርጡን የያዙት ጥፍሮች ከሆኑ አራቱም በእኩል መታጠፋቸውን ጣታችሁን በቀስታ አሻሽታችሁ እዩ፤ ነጠላ ጨርቅ ላይ ስታሳልፉት ክር ከሳበ አንዱ ጥፍር ቆሟል። በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ዙሪያ የተረፈ ማጣበቂያ ፈልጉ። በዝቶ የፈሰሰ ማጣበቂያ የችኮላ ሥራ ምልክት ነው፤ ነጭ ጉም ካለበት ደግሞ ሱፐር ግሉ ነው፣ ተዉት።

በመጨረሻ ከሱቁ በር ይዛችሁ ውጡ። ራይንስቶን የሚያብለጨልጨው ትንንሽና ብዙ የብርሃን ምንጭ ሲኖር ነው፤ ሱቁ ውስጥ ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ማንኛውንም ነገር ያበራሉ። ጥላ ሥር አድርጋችሁ ወዲያ ወዲህ ስታደርጉት አሁንም ሕይወት ካለው ልባሱ ጥሩ ነው። ለሠርግ ከሆነ አዳራሹ ምን ዓይነት መብራት እንዳለው መጠየቅ አይጎዳም፤ ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራት ብቻ ያለበት አዳራሽ የትኛውንም ፈርጥ ያደበዝዛል፤ ኤ ቢ ግን እዚያም ቀለሙን ስለሚያሳይ ይሻላል።

አሁን ድሬ ላይ ወዳሉት የጌጡ ጠላቶች። ሦስት ናቸው፤ አቧራ፣ ላብና ሙቀት። አቧራው የሚናቅ ይመስላል። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የሚቆየው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥም ሆነ ባጃጅ የሚያስነሳው ትቢያ ውስጥ ኳርትዝ አለ። የኳርትዝ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ 7 ነው፣ የብርጭቆ 5.5 ገደማ። ስለዚህ አቧራ የጠጣን ጌጥ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ማለት በአሸዋ ወረቀት መፈተግ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊቱ የደበዘዘ ጌጥ፣ በጣም ንጹሕ በሆነች ባለቤት እጅ የኖረ ሊሆን ይችላል። ልማዱ መሆን ያለበት መጀመሪያ እፍ ማለት፣ ከዚያ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ፣ ጨርቅ ከዚያ በኋላ ነው።

ላብ የሚያጠቃው ብረቱን ነው። ርካሹ ጌጥ ዚንክ በበዛበት ቅይጥ ይፈሰሳል፣ ሻል ያለው በናስ ይሠራል፤ ሁለቱም ላይ ስስ ቅብ አለ። ቅቡ መጀመሪያ የሚለቀው አንገት ኋላና የቀለበት ሥር ነው። ከዚያ ብረቱ ውስጥ ያለው መዳብ ከላብ ጋር ተገናኝቶ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ዝገቱ ቆዳ ላይ የሚተወው አረንጓዴ በሳሙና ይለቃል፤ ፈርጡ ሥር ከገባ ግን ልባሱን ይበላል። አረንጓዴ እንዳያችሁ በደረቅ ስቴኪኒ ፍቃችሁ አውጡ፤ የቀረውን ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ብረቱን ብቻ ንኩት፣ ወዲያው ውሃ በነካ ጥጥ አጥቡት፣ አድርቁት። ሎሚው ወደ ፈርጡ ከሮጠ ከዝገቱ የባሰ ነው። ጆሮዋን የሚያሳክካት ሴት ካለች ደግሞ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ኒኬል የሚባለው ብረት ነው፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የሎቲውን ዘንግ በማይዝግ ብረት ወይም በብር ማስለወጥ ነው መፍትሔው። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም መቀባትም ይረዳል፣ ግን ቶሎ ስለሚላላጥ በየጊዜው መታደስ አለበት።

ሙቀቱ የሚጎዳው የተለጣጠፈውን ነው። ናስ ሲሞቅ የሚለጠጠው የብርጭቆን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ መኪና ውስጥ የተተወ ጌጥ ቤቱ ይሰፋል፣ ፈርጡ እምብዛም አይሰፋም፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጠባል። መሐል ያለው ማጣበቂያ ይህን መሳሳብ ካልቻለ ይሰነጠቃል። ሐረር ከድሬ 700 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ሙቀቱ ይቀላል፤ እዚያ ጠንቀቅ የሚባለው ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገባው እርጥበት ነው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ፓኬት አትጣሏት፤ ከጌጡ ጋር በዚፕ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቷት።

ኡንሲ (የሚታጠነው ዕጣን) እና ሽቶም አሉ። ጭሱ ቅባት አለው፤ ፊቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽቶው ውስጥ ያለው አልኮል ደግሞ የጀርባውን ቀለም ያላላል። ቅደም ተከተሉ ቅባት፣ ሽቶ፣ ጭስ፣ ልብስ፣ በመጨረሻ ጌጥ ነው። ስትመለሱ መጀመሪያ የሚወልቀውም እሱ ነው።

ሲታጠብ አይነከርም። ይህ ሕግ ነው። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ፤ የጆሮ ጥጥ ነክራችሁ በጣታችሁ ጭመቁት፤ ጌጡን ፊቱን ወደ መሬት አድርጋችሁ ከሥር ወደ ላይ ፊቱን ብቻ ጥረጉ። ፊቱ ወደ ላይ ከሆነ ውሃው በጠርዙ ሰርጎ ጀርባው ላይ ይተኛል። በንጹሕ ውሃ በነካ ሌላ ጥጥ ድገሙት፤ ከዚያ በፊቱ እንደተደፋ ፎጣ ላይ እስከ ማግስቱ ተዉት። የወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት በድምፅ ንዝረት የሚያጥብ መኪና ለዚህ ጌጥ መርዝ ነው፤ ልባሱን ያራግፋል፣ ማጣበቂያውን ይፈታል።

ፈርጥ ሲወድቅ ደግሞ መጠገን እጅግ ቀላል ነው፤ ሰዎች ለምን እንደሚፈሩት አይገባኝም። መጀመሪያ ባዶውን ቤት አጽዱ። የቀረውን ማጣበቂያ በስቴኪኒ ፈልቅቁ፤ ካልለቀቀ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) በነካ የጥጥ ጫፍ ቤቱን ብቻ ንኩ። አሴቶን አጠገቡ ያሉትን ፕላስቲክ ፈርጦች ያቀልጣል፣ የብርጭቆዎቹንም የጀርባ ቀለም ያነሳል። ከዚያ የቤቱን ስፋት በካሊፐር ለኩ። ፈርጥ የሚሸጠው ኤስ ኤስ በሚባል ቁጥር ነው፦ ኤስ ኤስ 6 ወደ 2 ሚሊ ሜትር፣ 16 ወደ 4፣ 20 ወደ 4.7፣ 30 ወደ 6.4 ነው። ጠፍጣፋ ጀርባና ሹል ጀርባም ይለያያሉ፤ ሹል ጀርባ ለጥልቅ ቤት፣ ጠፍጣፋ ለሜዳ። ሹል ቤት ውስጥ ጠፍጣፋ ብታስገቡ ከታች ባዶ ይቀራል፤ ቶሎም ይወድቃል። ሳትለጥፉ በደረቁ ሞክሩት፤ ከጎረቤቶቹ እኩል ቁመት መሆን አለበት።

ማጣበቂያው ሁለት ቱቦ ያለው ቀለም አልባ ኢፖክሲ ይሁን፤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገኛል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚተነው ነገር ብርጭቆውን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ ደርቆም ድርቅ ያለ ስለሆነ ያንን የናስና የብርጭቆ መሳሳብ አይችልም። ኢፖክሲውን ከሁለቱም ቱቦ እኩል አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ በደንብ ቀላቅሉ። አንዱ ካነሰ ወር ቢቆይም ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። አምስት ደቂቃ የሚለው በድሬ ሙቀት ሦስት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት ሥሩ፣ ለአንድ ጊዜ ከአራት አምስት ፈርጥ በላይ አትሞክሩ። በስቴኪኒ ጫፍ አንድ ነጥብ ቤቱ ወለል ላይ ጣሉ፤ ከግማሹ በታች እንጂ ሞልቶ አይሁን። ፈርጡን በወረንጦ አትያዙት፣ ተወርውሮ ይጠፋል፤ ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ትንሽ ሰም አድርጋችሁ በፊቱ አንሱትና አስቀምጡት። ቀጥ ማለቱን ከጎን እዩ። የፈሰሰ ካለ ሳይደርቅ አልኮል በነካ ጥጥ አንሱ። ከዚያ 24 ሰዓት አይነካም።

በጥፍር የተያዘ ከሆነ ማጣበቂያ አያስፈልገውም። ሁለቱን አጎራባች ጥፍሮች ብቻ አንሱ፣ ፈርጡን በሌሎቹ ሁለት ሥር አሾልኩ፣ ከዚያ ተቃራኒ ተቃራኒውን እያፈራረቁ በእንጨት ጫፍ ተጫኑ። አንዱን ጎን ጨርሶ ከተጫኑ ፈርጡ ይዘማል ወይም ጠርዙ ይቆረሳል። አንድ ጥፍር ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ከታጠፈ ስለሚሰበር እጅ አታብዙበት።

ችግሩ የሚመጣው አሮጌ ጌጥ ላይ አዲስ ፈርጥ ሲገባ ነው፤ መጠኑ ልክ ቢሆንም ብርሃኑ ይበልጣልና እንደ አዲስ ጥርስ ይለያል። መፍትሔው ቦታ መለዋወጥ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሲወድቅ፣ ከመቆለፊያው አጠገብ ካለው አሮጌ ፈርጥ አንዱን አውጥታችሁ ወደ ፊት አምጡት፤ አዲሱን ጸጉር በሚሸፍነው ቦታ አስገቡ። አንዱ የጠፋበት ጉትቻ ካላችሁም አትጣሉት፤ የመለዋወጫ ሣጥን ነው። የሞተውን ፈርጥ ጀርባ በብርማ የጥፍር ቀለም እንቀባ የሚሉ አሉ። ከሩቅ ለመድረክ ይሆናል፤ ቀለሙ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቁርጥራጮች ብርሃኑን ስለሚበትኑት በቅርብ ግራጫ ነው።

ስለ እርሳስ አንድ ቃል። የአውሮፓ ሕግ 24 በመቶና ከዚያ በላይ እርሳስ ኦክሳይድ ያለበትን ብርጭቆ ነው የእርሳስ ክሪስታል የሚለው። ስዋሮቭስኪ በ2012 እርሳስን ከፈርጡ አስወጥቷል፤ አሮጌውና ምንጩ የማይታወቀው ግን ሊኖርበት ይችላል። አዋቂ አንገቱ ላይ ቢያደርገው ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፤ ሕፃን አፉ ውስጥ እንዲከተው ግን አይሰጥም።

ልብስ ላይ የሚለጠፈው ሌላ ዓለም ነው። ጀርባው ላይ በሙቀት የሚቀልጥ ማጣበቂያ ይዞ ይመጣል፤ በካውያ ይያዛል። አባያ ወይም ድሪያ አንገት ላይ ለማድረግ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቁጥሩን አስሉ። ፈርጥ በግሮስ ይሸጣል፤ አንዱ ግሮስ 144 ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የአንገት ዙሪያ ኤስ ኤስ 16 ጎን ለጎን ሳያፈናፍን ከተደረደረበት 150 ይፈልጋል፤ ስድስት ይጎድላል ማለት ነው። በመካከላቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ብትተዉ 100 ይበቃል፤ በእኔ እምነትም ያምራል፣ ምክንያቱም ጨርቁ እንደልቡ ይታጠፋል። ካውያው ከ160 እስከ 170 ዲግሪ ይሙቅ፣ በሱፍና በጥጥ ምልክት መካከል ማለት ነው። እንፋሎቱ ይጥፋ። የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አልብሳችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጫኑ፣ አትሳቡ፤ ከተሳበ ሰልፉ ይበላሻል። ከዚያ ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል አንድ ጊዜ ድገሙት።

ስስ ሽቲ ላይ ከሆነ ከተረፈው ቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ አትጀምሩ። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ በዚያ ሙቀት ይኮማተራል ወይም እንደ ቅባት ያብለጨልጫል። ውሃ እንዳያስገባ የታከመ ጨርቅም ማጣበቂያውን አይቀበልም፤ ቀዝቅዞ ሳለ በጥፍራችሁ ስትነኩት የሚነሳ ከሆነ ጨርቁ እምቢ ብሏል። ያኔ ቀዳዳ ያለውን ዓይነት ገዝቶ ማሰፋት ነው። ሐረር ባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግር ላይ የምታሰፉ ከሆነ ለሰፊው ክሩ ድርብ እንዲሆንና በየሦስት ፈርጡ እንዲቋጠር ንገሩት። የብርጭቆው ቀዳዳ ስለታም ስለሆነ ክር ይበላል፤ አንዱ ሲበጠስ ቋጠሮ ከሌለ ሰልፉ ሁሉ ይራገፋል። የተለጠፈው ልብስ ደግሞ እስከ ማግስቱ ውሃ አይነካውም፤ ከዚያ በኋላም ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ በጥላ ይሰጣል።